ወንዝ የለመደ ሰው ባሕር ላይ ሲያጠምድ
(አርብ ዕለት ደስማ ላይ በተሰባሰብንበት ከተነገረው)

አሳ ማጥመድ የጀመሩ ልጆች ስለበዙ ትንሽ ተናገር ተብዬ ነው። ከመካከላችን አባይ ዳር፣ ጣና ዳር፣ ባሮ ዳር ያደጋችሁ አላችሁ። የምታውቁት አብዛኛው እዚህም ይሠራል። የማይሠራው ግን እጅን ወይ ኢቃማን ያስከፍላል።

ትልቅ ወንዝ ላይ አሳ ጉልበቱን አያባክንም። ፈጣኑ ውሃ ከዝግተኛው በሚገናኝበት ጠርዝ ወይ ከድንጋይ ጀርባ ሆኖ፣ ፊቱን ወደ ፍሰቱ አዙሮ ምግብ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ስለዚህ መንጠቆውን ከላይ በኩል ጥላችሁ ውሃው ራሱ ይዞት ይውረድ። እርሳሱ ከከበደ ይተከላል፣ ከቀለለ ይንሳፈፋል፤ መሬቱን እየነካ ቀስ ብሎ ሲሄድ ነው ልኩ።

ኩዌት ወንዝ የላትም። ባሕሩ ግን ራሱ እንደ ወንዝ ይፈስሳል፦ ስድስት ሰዓት ገደማ ይሞላል፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ይጎድላል። አረቦቹ መድና ጀዝር ይሉታል። ውሃው ሲንቀሳቀስ አሳውም ይበላል፤ ሞልቶ ወይ ጎድሎ ሲቆም ቡናችሁን ጠጡ። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። እኛ ደግሞ እረፍታችን አርብ ብቻ ነው፤ ባለፈው አርብ የሞላበት ሰዓት በዚህኛው አርብ የጎደለበት ሊሆን ይችላል። ከመውጣታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ እዩ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ፍሰቱ ይበረታል፤ ያኔ እርሳስ ጨምሩ።

አሁን ወደ እጃችን። ቺም የሚሉት አሳ አለ፤ ጢም አለውና የኛን አምባዛ ይመስላል። አምባዛ እንደለመዳችሁት እንዳትይዙት! ጀርባው ላይ አንድ፣ በግራና በቀኝ አንዳንድ መርዛማ እሾህ አለው። በፒንሳ ንቀሉት፣ ካልሆነ ክሩን ቆርጣችሁ ልቀቁት። ከወጋችሁ ቁስሉን እጠቡና እጃችሁን በሚቻለው ልክ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ንከሩት። ሙቀቱን መጀመሪያ ባልተወጋው እጅ ሞክሩ፣ እንዳያቃጥል። ከዚያ ክሊኒክ ሂዱ፤ የእሾህ ስባሪ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ትንፋሽ ካጠረ 112 ደውሉ። እጃችን እንጀራችን ነው፤ «ነገ ይሻለኛል» አይባልም።

የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ከደስማ በእግር ወርደን የምናገኘው ውሃ የኩዌት ጆን ነው። እዚያ ማጥመድ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ቁጥር 42 የተገደበ ነው። ለአገሬው ሰው ቅጣት የሆነ ነገር ለኛ ወደ አገር መጠረዝ ሊሆን ይችላል። ሌላው ሰው ዘንግ ዘርግቶ ስላያችሁ ብቻ አትዘርጉ። ቋንቋ የሚችል ሰው ይዛችሁ የተፈቀደውን ቦታ ጠይቁ፤ ካላረጋገጣችሁ ዘንጉ ቤት ይቀመጥ። ስትሄዱም ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ ባጣቃችሁን ይዛችሁ፣ ስልካችሁን ሞልታችሁ ይሁን።

ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቅ።