ብዕሩ ሲስት

(ድምፅ፦ ብዕር መስታወት ላይ ሲጭር)

አቅራቢ፦ ታብሌታችሁ ላይ «ሀ» ልትጽፉ ስትሉ መስመሩ ከብዕሩ ጫፍ ፈንጠር ብሎ ይሰመራል? ብዕሩን ከመጣላችሁ በፊት ከቀላሉ እንጀምር።

መጀመሪያ ጫፉን ዳብሱት። ተበልቶ ከሆነ ቀይሩት። የአፕል ፔንስል ጫፍ ከላላ ደግሞ ወደ ቀኝ አዙራችሁ አጥብቁት።

ቀጥሎ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ የኤሌክትሪክ ረብሻ መስመሩን ያንቀጠቅጠዋል። ማግኔት ያለውን ሽፋን አውልቁ፤ ወፍራም የስክሪን መከላከያ ካለም አንሱት።

አሁንም ካልተስተካከለ፣ ዊንዶውስ ላይ «ካሊብሬት» የሚለውን ፈልጉ። ብዕሩን እንደ ወትሯችሁ ይዛችሁ፣ ብቅ የሚሉትን የመስቀል ምልክቶች መሃል መሃላቸውን ንኩ። አይፓድ ላይ ግን እንዲህ ያለ ማስተካከያ የለም፤ ብዕሩን አላቅቆ እንደገና ማገናኘት ነው።

በሉ፣ እንደገና «ሀ» ብላችሁ ጀምሩ!

(ሙዚቃ)