ዋልካ ጓሮ ምን ይተከልበት?

አንደኛ አቅራቢ፦ የአዲስ አበባ ጓሮ በብዙ ሰፈር ዋልካ ነው። ክረምት አብጦ ውሃ ይቋጥራል፤ በጋ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ አቮካዶ ቶሎ የሚሞተውም ለዚሁ ነው። አብዛኛው ሥሩ ከላይ በመሆኑ አየር ሲያጣ ይበሰብሳል። ቅጠሉ ውሃ እንደጠማው ይጠወልጋል፤ ባለቤቱም ይባስ ብሎ ያጠጣዋል!

አንደኛ፦ ዘይቱን ግን እርጥብ አፈርን የተሻለ ይችላል። ማንጎና ፓፓያስ?

ሁለተኛ፦ የቆላ ናቸው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በብርዱ እምብዛም አያፈሩም። አፕልና ኮክ ብርዱን ይወዱታል፣ ሥራቸው ላይ ውሃ ካልተኛ።

አንደኛ፦ አቮካዶ የግድ ከተባለስ?

ሁለተኛ፦ ዋልካ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ገንዳ ነው። ግማሽ ሜትር ያህል አፈር ተቆልሎ፣ ዙሪያው ቦይ ወጥቶለት፣ ችግኙ ከጉብታው አናት ይተከላል። ቦይ ማውጣት የማይቻልበት ጓሮ ላይ አቮካዶን ትቶ ዘይቱን መትከል ይሻላል።