ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ውጭ ያለው ወጪ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ኦፕራሲዮንና ስለ ማደንዘዣ ነው። «የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ማደንዘዣ ምን አገባት?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ የገባሁበት በደረሰኝ በኩል ነው። ከማኅበራዊ መዋጮ ሣጥናችን ለሕመም ከሚጠየቀው ገንዘብ ከፍተኛው ለኦፕራሲዮን ነው፤ ለወሊድ፣ ለእንቅርት፣ ለማህፀን። ደንባችን ደግሞ የሚከፍለው የሆስፒታል ማኅተም ላለበት ደረሰኝ ብቻ ነው። ይህ አንቀጽ እንዲሻሻል ሐሳብ አቅርቤአለሁ፤ ከምሳ በኋላ ድምፅ ትሰጡበታላችሁ። ከዚያ በፊት ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ኦፕራሲዮን የታዘዘላት አባል መጀመሪያ የምትጠይቀው «ተኝቼ ባልነቃስ?» ብላ ነው። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነገር ግን በኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ ያለውን አደጋ የሚቀንሱ፣ ዋጋቸውም የማይከብድ መንገዶች ተገኝተዋል። አንዱ ጣት ላይ የሚገባው የኦክስጅን መለኪያ ነው። ሌላው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 19 ነጥብ ቼክሊስት ነው፤ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ከመቀደዱ በፊት፣ ታካሚዋ ከክፍሉ ከመውጣቷ በፊት ሁሉም ቆም ብለው ድምፃቸውን አውጥተው ይጠያየቃሉ። ከታንዛንያ ኢፋካራ እስከ ለንደንና ቶሮንቶ በ8 ከተሞች ተሞክሮ ውጤቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ የሟቾች ቁጥር ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ነበር። አንድ ወረቀት ነው እንግዲህ! እኛ ሒሳብ ሠራተኞች ቅጽ እናበዛለን ተብለን ስንወቀስ እኖራለን።

እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ከክፍሉ ከተወጣ በኋላ ያለው ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በ25 የአፍሪካ አገሮች፣ በ247 ሆስፒታሎች ከ11 ሺህ በላይ ታካሚዎችን ተከታትሏል። ታካሚዎቹ በዕድሜ ወጣት፣ በጤናም ከሌላው ዓለም ታካሚ የተሻሉ ነበሩ። የመሞት ዕድላቸው ግን ከዓለም አማካይ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከሞቱት 239 ሰዎች ውስጥ 225ቱ ያረፉት ከኦፕራሲዮኑ ቀን በኋላ ነው። ማለትም ሐኪሙ «በሰላም ተጠናቋል» ካለ፣ ቤተሰብም እፎይ ካለ በኋላ።

ከዚሁ ጥናት በኦፕራሲዮን የወለዱ እናቶች ለብቻቸው ተቆጥረዋል። ከ1,000 እናቶች 5 ያህሉ ሞተዋል። ይህ በሀብታም አገሮች ካለው 50 እጥፍ ነው። ከሞቱ ጋር ተያይዘው የተገኙት ደግሞ በአብዛኛው ደም መፍሰስና ከማደንዘዣ ጋር የመጣ ችግር ናቸው።

ይህን ሳነብ ወዲያው የመጣልኝ «እንግዲያው አስታማሚ አጠገቧ ይሁን፣ ሞት ይቀንሳል» የሚል ሐሳብ ነበር። ተመራማሪዎቹም ይህንኑ ሞክረዋል። በ28 የአፍሪካ አገሮች በ332 ሆስፒታሎች፣ ለአደጋ የተጋለጡ ታካሚዎች ነርስ የምታያቸው አልጋ ላይ እንዲተኙ፣ ቶሎ ቶሎ እንዲታዩ፣ ቤተሰብም አብሯቸው እንዲያድር ተደረገ። ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ሞት አልቀነሰም። እኔ እንደሚገባኝ ማየት ብቻውን አይበቃም። ደሙ ሲፈስ ብትጠሪ የሚመጣ ሐኪም፣ የሚሰጥ ደም ከሌለ መጥራትሽ ምን ያደርጋል? በመጀመሪያው ጥናት ሆስፒታሎች ለ100,000 ሰው የነበሩት የቀዶ ሕክምና፣ የማህፀንና የማደንዘዣ ስፔሻሊስቶች ተደምረው እንኳ አንድ አይሞሉም፤ 0.7 ነበሩ።

ስለዚህ ለደጋፊዎቻችን ከወዲሁ ግልጽ ላድርግ። የማቀርበው ሐሳብ ቢጸድቅ፣ በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ላይ «ይህን ያህል ሕይወት አዳንን» ብዬ አልጽፍም። ማስረጃው ያንን አይፈቅድልኝም።

የሚፈቅድልኝ ሌላ ነገር አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. የላንሴት ኮሚሽን ስለ ቀዶ ሕክምና ባወጣው ሪፖርት፣ በየዓመቱ 33 ሚሊዮን ሰዎች ለኦፕራሲዮንና ለማደንዘዣ በሚከፍሉት ገንዘብ ምክንያት ኑሯቸው እንደሚናጋ ጽፏል። በዚያ ላይ ሌላ 48 ሚሊዮን ሰዎች የሚናጉት በትራንስፖርት፣ በማደሪያና በምግብ ወጪ ነው። እህቶቼ፣ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩአቸው። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ደረሰኝ ካለው በልጧል። እኛ ግን የምንከፍለው ደረሰኝ ላለው ብቻ ነው።

ደግሞ ወጪው ከሆስፒታል በመውጣት አያበቃም። ቁስል የሚያመረቅዘው ብዙ ጊዜ ቤት ከተገባ በኋላ ነው። ይህንን ሆስፒታሎች ራሳቸው ሊቀንሱት እንደሚችሉ በአገራችን ታይቷል፤ ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት በ5 የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የእጅ መታጠብን፣ የዕቃ ንጽሕናን፣ አንቲባዮቲክ በሰዓቱ መስጠትንና የመሳሰለውን ሲያጠናክር ኢንፌክሽኑ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል። ቢሆንም ቁስሏ የሞቃት፣ ትኩሳት የያዛት እናት ዛሬውኑ መመለስ አለባት። የታክሲና የአውቶቡስ ስለሌላት «እስቲ ሰኞ ድረስ ልየው» እንዳትል ነው የእኔ ጭንቀት።

በነገራችን ላይ፣ ብር የማይጠይቅ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ለኦፕራሲዮን ስንሄድ ከማታው ጀምሮ ጠብታ ውኃ ሳንቀምስ እስከ ቀትር እንቀመጣለን። የማደንዘዣ ሐኪሞች የዛሬ መመሪያ ግን ለአብዛኛው ታካሚ ውኃ፣ ወተት የሌለው ሻይ ወይም ቡና ማደንዘዣ ከመሰጠቱ 2 ሰዓት በፊት ድረስ ይፈቅዳል። ቀላል ምግብ 6 ሰዓት ነው፤ ወተትም እንደ ምግብ ይቆጠራል። ቅባት የበዛበት ደግሞ 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ። በራሳችሁ አትወስኑ፤ ነፍሰ ጡርና የስኳር ሕመምተኛ ለብቻቸው ይታያሉ። ነገር ግን ሰመመን ሰጪዋን «ውኃ እስከ ስንት ሰዓት ልጠጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትወስዱትን መድኃኒት፣ የአገር ባህሉንም ጭምር፣ አትደብቋት።

ወደ ደንቡ ልመለስ። ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው፦ ኦፕራሲዮን ለተደረገላት አባል፣ ለአንድ አስታማሚ የምግብና የትራንስፖርት ገንዘብ በቀን ተሰልቶ ይሰጥ። ቁስሉ ቢያስቸግራት ለመመለሻ ትራንስፖርት ለብቻው ይያዝ። ሳምንታዊ ቁጠባዋና የብድር ክፍያዋ ደግሞ ያለ ቅጣት ለአንድ ወር ይቆይላት።

«ደረሰኝ ከሌለ ለኦዲት እንዴት ይሆናል?» የሚለውን ጥያቄ ወይዘሮዎቹ ከግምገማ ኮሚቴው ቀድመው አንስተውልኛል፤ ትክክልም ናቸው። ለዚህ አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅቻለሁ። የቡድኗ ሰብሳቢና ታካሚዋን ሄዳ የጠየቀች አንዲት አባል ይፈርሙበታል፤ የሆስፒታሉ የመውጫ ወረቀት ኮፒ ይያያዛል። ቀኑ ከወረቀቱ ይታወቃል፣ የቀኑ ሒሳብ በደንቡ ይወሰናል፤ የሚቀረው ማባዛት ብቻ ነው።

ያልተስማማንበት የቀኑ ጣሪያ ነው። ኮሚቴው 3 ቀን ይብቃ ብሏል፤ ሣጥኑ እንዳይራቆት ስለሚሰጋ ነው። እኔ 5 ቀን ብያለሁ፤ የሁለቱንም ስሌት በአማካይ የአባላት ጥያቄ ሠርቼ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። በምሳ ሰዓት እዩትና ያልገባችሁን ጠይቁኝ።