እናት የጠጣችው ለልጇ ይደርሳል



ዛሬ ግንቦት 1፣ የልደታ ቀን ነው። ንፍሮው ቀርቧል፤ ጠላውም ተቀድቷል። እርጉዟንም «አንድ ብቻ ቅመሺ፤ ጠላ ምግብ ነው» እንላታለን።

ነገር ግን እናት የጠጣችው መጠጥ ከደሟ በእትብት አልፎ ወደ ጽንሱ ይገባል። አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል። እንዲህ የተጎዳ ልጅ ሲያድግ ትምህርት ሊከብደው ይችላል፤ ጉዳቱን የሚያድን መድኃኒትም የለም። ጠላም፣ ጠጅም፣ ቢራም፣ አረቄም ያው ናቸው። ትንሹም ቢሆን አይጎዳም አይባልም።

«እናቶቻችን እየጠጡ ወልደውን የለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። እነርሱ አላወቁም። ሐኪሞች እንኳ ለጉዳቱ ስም ያወጡለት በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ግን አውቀናል።

እስካሁን የጠጣችም ዛሬ ብታቆም ልጇን ትጠቅማለች። ስለዚህ ለእርጉዟ ውሃ ወይም አጥሚት እንስጣት እንጂ ጠጪ ብለን አናስጨንቃት።