ሴቷም ቀንድ አላት፦ ቆርኬና የአደን ሕግ

ከሴቻ ሰፈር ቁልቁል ስታዩ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች የሚለየው የእግዜር ድልድይ፣ ከማዶው ደግሞ የነጭ ሣር ሜዳ ይታያል። በ1974 እ.ኤ.አ. ፓርክ ሆኖ የተከለለው በተለይ ቆርኬ ለተባለው የዱር እንስሳ ነበር። ቆርኬ ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም።

አደን ሲነሣ አንድ ክርክር ይደጋገማል፦ «የውጭ ሰው በዶላር ያድናል፤ የአገሬው ሰው ጦር ይዞ ሲወጣ ለምን ይታሰራል?» ጥያቄው ሊናቅ አይገባም። ከብቱ ሜዳውን ይግጥ የነበረ አርብቶ አደርም የሚጠይቀው ነው።

አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማንም እንዳያድን ይከለክላል፤ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ማደን ጨርሶ አይፈቀድም። የሚከፈልበት አደን የሚካሄደው ለአደን በተለዩ ሌሎች ቦታዎች፣ በኮታ ነው። ለምሳሌ በባሌና አርሲ ደኖች የሚታደነው ደጋ አጋዘን ወንዱ ብቻ ነው። ቀንድ ያለው ወንዱ በመሆኑ አዳኙ ከሩቅ ይለየዋል።

ቆርኬ ግን እንዲህ አይለይም፤ ሴቷም ቀንድ አላት። ከሣሩ በላይ ቀንድ አይቶ የተኮሰ ሰው እርጉዟን ሊጥል ይችላል። መንጋው በሳሳበት ሜዳ የአንዲት እናት ሞት ከባድ ጉዳት ነው። ስለዚህ ክልከላው ትክክል ነው እላለሁ። ሆኖም ከአደን ክፍያው ለአካባቢው ሰው የሚደርሰው በግልጽ ካልተነገረ ገበሬው ሕጉን እንደ ባዕድ ማየቱ አይቀርም። የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሒሳቡን በየቀበሌው ስብሰባ ያቅርቡ።