ጀርባዋን ለኤምባሲው ሰጥታ የቆመችው ኮንስታብል

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ ወላጆች፣ የዛሬው ቀን ባለቤቶች የሆናችሁ ተመራቂ የፖሊስ መኮንኖች፤

ፀሐዩ ከረር ብሏል፤ እናቶችም ከጥላቸው ሥር ሆነው ልጃቸው የትኛው ረድፍ ላይ እንደቆመ እየፈለጉ ነው። ስለዚህ ብዙ አላስቆማችሁም። አንዲት ኮንስታብል አስታውሼ እቀመጣለሁ።

ኢቮን ፍሌቸር ትባላለች። እንግሊዝ ውስጥ ተወልዳ ያደገች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ፖሊስ ካልሆንኩ ያለች ሴት ነበረች። ቁመትሽ አይደርስም ተብላ ከሌሎች የፖሊስ ተቋማት ብትመለስም የለንደኑ ሜትሮፖሊታን ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1977 ተቀበላት። እዚህ ላይ ፈገግ ያላችሁ ተመራቂዎች እንዳላችሁ አይቻለሁ፤ አይዟችሁ።

ሚያዝያ 9 ቀን 1976 ዓ.ም. ማክሰኞ ጠዋት፣ ለንደን ሴንት ጄምስ አደባባይ፣ በሊቢያ ኤምባሲ ደጃፍ ተመደበች። ምድቡ የዘወትር ሥራ ነው። የጋዳፊን መንግሥት የሚቃወሙ ሊቢያውያን ሰልፍ ወጥተዋል፤ ደጋፊዎቹም በሌላ ወገን ቆመው ይጮሃሉ፤ ፖሊስ መሐል ገብቷል። መሣሪያ አልያዘችም። ፊቷን ወደ ሰልፈኞቹ፣ ጀርባዋን ወደ ኤምባሲው አድርጋ ቆመች። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ሲሆን ከኤምባሲው መስኮት የጥይት እሩምታ ወረደ። 11 ሰልፈኞች ቆሰሉ። እሷ ከጀርባዋ ተመትታ ወደቀች፤ እኩለ ቀን ገደማ ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። 25 ዓመቷ ነበር። እጮኛዋም ፖሊስ ሲሆን በዚያው አደባባይ በሥራ ላይ ነበር።

ልብ በሉ፤ ሰልፈኞቹ የአገሯ ሰዎች አልነበሩም። የሚጣሉበትም ጉዳይ የእሷ አልነበረም። የተመደበችው ሰው በሰላም ጮሆ በሰላም ወደ ቤቱ እንዲገባ ነው።

ከዚያ በኋላ ፖሊስ ኤምባሲውን ለ11 ቀናት ከበበ። መለዮ ኮፍያዋ አስፋልቱ ላይ እንደወደቀ ቀረ፤ ዓለምም በቴሌቪዥን አየው። በመጨረሻ ኤምባሲው ውስጥ የነበሩት 30 ያህል ሰዎች ወጥተው ወደ አገራቸው ተሸኙ። የተሸኙት ሚያዝያ 19 ቀን ነው። በዚያው ቀን ሳልዝበሪ ካቴድራል ውስጥ 600 ፖሊሶች ቆመው የእሷ የቀብር ሥነ ሥርዓት ተፈጸመ፤ ያ ኮፍያ ሬሳ ሣጥኗ ላይ ተቀምጦ ነበር።

እኔ የሕግ ሰው ነኝ። እ.ኤ.አ. የ1961ዱን የቪየና ስምምነት ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፤ ኤምባሲ አይደፈርም፣ ዲፕሎማት አይታሰርም። በዚያ ሳምንት ትሪፖሊ ውስጥ የብሪታንያ ኤምባሲና ሠራተኞቹ ነበሩ፤ ለንደን ላይ ሕጉ ቢጣስ እዚያ ምን ሊመጣ እንደሚችል የብሪታንያ መንግሥት ያውቅ ነበር። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በሆነችው አዲስ አበባም ይኸው ሕግ ነው የሚሠራው፤ ውጭ ያሉትን ኤምባሲዎቻችንንም የሚጠብቀው እሱ ነው። ሕጉን እደግፋለሁ። ግን የዚያን ቀን ለእናቷ አስረዳ ብባል አፌን ሞልቼ የምናገር አይመስለኝም።

አሁን ልነግራችሁ ወደ መጣሁት ሰው ልሂድ። ጆን መሪ ይባላል፤ የሥራ ባልደረባዋ ነበር። ስትወድቅ አጠገቧ ሆኖ ያቀፋት እሱ ነው። ይህን ያደረገብሽን ሰው አገኘዋለሁ ብሎ ቃል ገባላት። ብዙዎቻችን በለቅሶ ቤት ብዙ ቃል እንገባለን፤ አርባው ሲወጣ ይረሳል። መሪ አልረሳም። ሊቢያ እ.ኤ.አ. በ1999 ኃላፊነቱን በጥቅሉ ተቀብላ ካሳ ስትከፍል፣ ጉዳዩ አለቀ ያለ ብዙ ነበር፤ እሱ አላለቀም አለ። በ2008 ዓ.ም. አንድ ተጠርጣሪ እንግሊዝ ውስጥ ተይዞ፣ ዋናው ማስረጃ የአገር ደኅንነት ምስጢር ነው ተብሎ ክስ ሳይመሠረት ሲቀር፣ መሪ በፍትሐ ብሔር ከሰሰ። የጠየቀው ገንዘብ 1 ፓውንድ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰውየው ለግድያው በጋራ ተጠያቂ ነው ሲል ወሰነ። ከጥይቱ 37 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! በወንጀል ችሎት ቆሞ የተፈረደበት ሰው ግን የለም።

እሷ በወደቀችበት ቦታ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር መርቀውታል። ያቆመው ማኅበር የተመሠረተው በአንድ የፊልም ዳይሬክተር ነው፤ ማይክል ዊነር ይባላል። ሌሎች ፖሊሶች በተገደሉባቸው ቦታዎችም ተመሳሳይ ድንጋዮች አቁሟል። ድንጋዩ ደግ ነገር ነው፤ እኛም ሐውልት እናውቅበታለን። እኔን የሚቆጨኝ ግን የአበባው ጉንጉን ከተቀመጠ በኋላ የሚዘጋው መዝገብ ነው።

ከእናንተ ከፊሉ ነገ ኤምባሲ በር ላይ፣ ሰልፍ መሐል፣ ሌሊት ኬላ ላይ ትቆማላችሁ። ባልደረባ ቢወድቅባችሁ፣ እንባችሁን ጠርጋችሁ በዚያው ማታ ያያችሁትን ጻፉ፤ ከየት አቅጣጫ እንደተተኮሰ፣ ማን የት እንደቆመ፣ ስንት ሰዓት እንደነበር። ምስክር ስትባሉ ቅረቡ። ቤተሰቡ ከዓመታት በኋላ ጉዳዩ የት ደረሰ ብሎ ሲመጣ፣ ነገ ተመለሱ አትበሉ፤ ወንበር ስጡና መዝገቡን አውጡ። እዚህ የተቀመጣችሁ አዛዦችም ይህን እንደ አደራ ያዙልኝ።

ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ። በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።