የእንስሳት በሽታ ከወዴት እንደመጣ ስለሚያስረዳው ምርመራ

(በደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ለእርዳታና ለመልሶ ማቋቋም ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በወሎ ስለ ረሃብ ሲነገር አስቀድሞ የሚነሳው የዝናብ መጥፋት ነው። ይሁንና ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው ክፉ ቀን የበሬ እልቂትም ነበር። በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ ጥማዱን ስለፈጀው ማሳው ጦም አደረ። በሽታው በየት አልፎ ከየመንደሩ እንደደረሰ ለማወቅ በዚያ ዘመን ከወሬ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረም።

ዛሬ የቫይረሱ ዘር ራሱ ይነበባል። ቫይረስ በተባዛ ቁጥር በዘረመሉ ላይ ጥቃቅን ግድፈት ይገባል፤ ግድፈቱም ለተከታዩ ትውልድ ይተላለፋል። ቁም ጸሐፊ የገደፋት ቃል አንዱ ብራና ከየትኛው እንደተቀዳ እንደምታሳብቅ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 በኬንያ ጻቮ ፓርክ ጎሽና አጋዘን ባለቀ ጊዜ የተገኘው የደስታ በሽታ ዘር ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ያልታየው የአፍሪካ ሁለተኛ ነገድ ሆነ። ጠፋ የተባለው ቫይረስ ለካ ከብቶቹን በብርቱ ሳያሳምም በመካከላቸው ተሸሽጎ ኖሯል! በአገራችን የመጨረሻው ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1995 በአፋር ታየ፤ በ2011 ደግሞ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ግን አልጠፋም። ቀደም ሲል በኢትዮጵያ የታወቀው ሦስተኛው ነገድ ነበር፤ በኋላ በእስያ የሰፈነው አራተኛው ነገድም ተገኘ። በሽታው ከእንስሳት ጋር ረጅም መንገድ ይጓዛል።

ጉዳዩ ለእናንተ ቅርብ ነው። ከባቲ ገበያ ተገዝተው ድርቅ ላራቆተው ቤተሰብ ከሚታደሉት ፍየሎች መካከል አንዲት የታመመች ብትኖር፣ ቤተሰቡ ሁለተኛ ጊዜ ይራቆታል። በሽታ በተነሳ ቁጥር «ከቆላ መጣ» እያሉ በአፋር አርብቶ አደር ላይ ማሳበብም ልማድ ሆኗል፤ ያለ ምርመራ የሚሰጥ ፍርድ ነውና ተገቢ አይመስለኝም።

ስለዚህ ፍየል ሲታመም፣ ትኩሳቱ ገና ሳለ፣ በእንስሳት ሐኪም እጅ ከዓይኑና ከአፍንጫው ናሙና ይወሰድ። የበሰበሰ ሬሳ ብዙም አይረዳም። ናሙናው በበረዶ ተይዞ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይላክ። ፍየሉ መቼና ከየትኛው ገበያ እንደተገዛ፣ በየት በኩል እንደተነዳም አብሮ ይገለጽ፤ ይህ ከሌለ ዘሩ ቢነበብም መንገዱ አይታወቅም። በቅጻችሁ ላይ ቦታ ባይኖረው በጀርባው ይጻፍ።